ከለሚ አፋፍ እስከ ጣና ባሕር፤ በነፋስ ጊዜ በውሃ ላይ ቆሞ ስለ መሄድ

በሰሜን ሸዋ በእንሳሮ ወረዳ ያለችውን የለሚን ከተማ ያየ መንገደኛ፥ ስለ እርሷ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያነሣው ገደሏንና ነፋሷን ነው። ከተማይቱ የተቀመጠችው ደጋው አልቆ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርድበት አፋፍ አጠገብ ስለ ሆነ፥ ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው መሬቱ ከእግሩ በታች ድንገት ሲቋረጥ ያያል። ወደ ታች ቢመለከት ጭላዳ ዝንጀሮ በገደሉ ሣር ላይ ሲግጥ፥ አሞራም ከእርሱ በታች ሲያንዣብብ ይታየዋል። ማለዳ ሁሉም ጸጥ ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ግን ቈላው በፀሐይ ሲግል፥ የሞቀው አየር ሸለቆውን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣና በአፋፉ ላይ እንደ ውሃ ሞልቶ ይፈሳል። ያን ጊዜ ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን፥ ነጠላ ያለው ነጠላውን ይይዛል። በፍርድ ቤት የምንጽፍበትም ወረቀት፥ መስኮቱ የተከፈተ እንደ ሆነ፥ ድንጋይ ካልተጫነበት በቀር በስፍራው አይቀመጥም።

ገበሬው ግን ይህን ነፋስ አያማርረውም። ጤፉና ስንዴው በአውድማ ላይ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ምርቱን ከገለባው የሚለይለት ይኸው ነፋስ ስለ ሆነ፥ መንሹንና ላይዳውን አዘጋጅቶ እንደ ወዳጅ ይጠብቀዋል። ሲመጣም ፊቱን ወደ ነፋሱ አይሰጥም፤ ገለባው ዐይኑን ያጠፋዋልና። ጐኑን ሰጥቶ ይቆማል እንጂ።

ይህን ማውራታችን ስለ እህል ለመናገር አይደለም። በውሃ ላይ ቆሞ ስለ መሄድ፥ ያውም ነፋስ በሚነሣበት ሰዓት፥ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ቃል ለማቅረብ አስበን ነው። የለሚ ሰው ከነፋስ ጋራ እንጂ ከውሃ ጋራ ዝምድና የለውም። የምናውቀው ውሃ ጀማንና ገባሮቹን ነው፤ ትውውቃችንም መልካም አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ታላቅ ወንድማችን ድልድይ በሌለበት በአንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው። ትቶት የሄደው ልጅ ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረ። እናቱና እኛ በአንድነት አሳደግነው፤ ትምህርቱም ቀናውና ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በ2011 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በአምስተኛው ቀን የወንድማችን ሚስት ወደ አውድማዋ አስጠራችን። ሠራተኞች መንሻቸውን ተደግፈው ነፋስ ይጠብቁ ነበር። እርሷም የእጅ ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ አንድ ፎቶግራፍ አሳየችን። ልጁ እጅግ ሰፊ በሆነ ውሃ መካከል ቆሞ ይታያል፤ ከእግሩ በታች ጀልባ የሚባል ነገር የለም፤ በእጁ አንድ ረዥም መቅዘፊያ ይዟል።

«ወንድሜ፥ ይህ ልጅ የቆመው በምን ላይ ነው?» አለችን።

በሳንቃ ላይ ይመስላል ብንላት፥ «አባቱን የወሰደው ወርዱ ከዚህ አውድማ የማይበልጥ ወንዝ ነው። ይህ ግን ዳርቻ እንኳ የለውም። እባክዎ ይሂዱልኝና፥ ከእንግዲህ ውሃ አልገባም ብሎ ይማልልዎ። ቃሉን ብቻ ይዘውልኝ ይምጡ» አለች።

እኛ በሥራችን ብዙ የመሐላ ቃል ጽፈናል። የሃያ ዓመት ጐልማሳ እናቱን ለማስደሰት ሲል የሚምለው መሐላ ስንት ቀን እንደሚቈይም እናውቃለን። ቢሆንም ከአለቃችን ፈቃድ ጠይቀን ተነሣን።

ከለሚ ወደ ሙከጡሪ ወጥተን ዋናውን የጐጃም መንገድ ያዝን። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን በጃፓን መንግሥት ርዳታ ከተሠራው ድልድይ በደረስን ጊዜ ውሃውን ቍልቍል አየነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ ስፍራ ባዕድ አይደለም። ጀማ የደጋችንን አፈር ጠራርጎ ከዚያ በላይ ከዓባይ ጋራ ይቀላቀላልና፥ ከጣና የወጣውና ከለሚ ሥር ያለፈው ውሃ በዚያ ድልድይ ሥር የሚያልፈው አንድ ሆኖ ነው። ወንድማችንም የሄደው በዚያው በኩል ነው ብለን አሰብን፤ ለጐረቤታችን ተሳፋሪ ግን ምንም አልተናገርንም። ከዚያ ወዲያ ስላለው መንገድ፥ ስለ ደጀን፥ ስለ ደብረ ማርቆስ፥ ስለ እንጅባራና ስለ ዳንግላ ብዙዎች ስለ ጻፉ እኛ እናልፈዋለን።

ጣና 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ የሚገኝ፥ ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፥ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ታላቁ ነው። ዳሩ ግን ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጠለቀ በሚባልበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። ይህም የጥልቀት ማነስ ደፋሮችን ያታልላል። ጥልቀት የሌለው ውሃ በነፋስ ሲመታ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን፥ አንዱ ሳያልፍ ሁለተኛው ይደርሳል፤ ለመተንፈስ ፋታ አይሰጥም።

የነፋሱ ሥርዓት ከለሚው ነፋስ ጋራ የአንድ አባት ልጅ ነው። ፀሐይ በወጣች ጊዜ የብስ ፈጥኖ ይሞቃል፥ ውሃ ግን ይዘገያል። ከየብሱ ላይ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ፥ በስፍራው የሚተካው ቀዝቃዛ አየር ከሐይቁ ይመጣል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ስላለች፥ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሰሜን በኩል ከውሃው ወደ ከተማይቱ ይነፍሳል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ ማለዳም ቀስ ያለ ነፋስ ከየብስ ወደ ውሃ ሲወጣ ይገኛል። ላልተማረ ሰው ይበልጥ የሚያሰጋው ይህ ቀስ ያለው ነው። ጀርባን እየገፋ ሳይታወቅ ያርቃል፤ ሰውየውም በራሱ ጕልበት የሄደ መስሎት ይደሰታል፤ የነፋሱን ድርሻ የሚያውቀው ፊቱን ወደ ቤቱ ባዞረ ጊዜ ነው።

ልጁን በዩኒቨርሲቲው በር አገኘነው። ጕልበታችንን ስሞ፥ «ጋሼ፥ እማማ ናት የላከችዎ» አለን፤ ሌላ ምን እንናገራለን። ሳንቃውንም አሳየን። አንድ ፈረንጅ መንገደኛ ሲመለስ ትቶለት የሄደ ነው። እንደ ኳስ በአየር የሚነፋ፥ ርዝመቱ ከሦስት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፥ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ ነገር ነው። አየሩ ሲወጣለት እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ በጀርባ ይታዘላል። ፈረንጆች «ስታንድ አፕ ፓድል ቦርድ» ይሉታል፤ ቆመው የሚቀዝፉበት ሳንቃ ማለት ነው። በሐዋይ ደሴቶች በዋይኪኪ ዳርቻ፥ በማዕበል ላይ መንሸራተትን ለእንግዶች የሚያስተምሩ ጐልማሶች፥ ከሩቅ የሚመጣውን ማዕበልና ደቀ መዛሙርቶቻቸውን ለማየት በሳንቃቸው ላይ ቆመው በታንኳ መቅዘፊያ ይቀዝፉ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2000 ወዲህ ልማዱ እንደ ገና ተነሥቶ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ።

ይህን ሰምተን ወደ ዳርቻው ብንወርድ፥ የዘጌ ሰዎች እንጨት ጭነው በታንኳ ሲመጡ አየንና የሐዋዩ ወሬ ብርቅነቱ ቀነሰብን። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ታስሮ አፍንጫው ሽቅብ ይቀለበሳል። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳልና ወደ ዳር ወጥቶ በፀሐይ ይሰጣል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ቀዛፊው ረዥም ዘንጉን መካከሉ ላይ ይዞ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ ይቀዝፋል። የኦሪት ዘጸአት ስለ ሕፃኑ ሙሴ የደንገል ሣጥን፥ ነቢዩ ኢሳይያስም በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለ ሕዝብ የደንገል መርከብ መናገራቸውን በልጅነታችን ተምረን ነበር፤ ነገሩን በዐይናችን ያየነው ግን በዚያ ቀን ነው። የኖርዌዩ ተጓዥ ቶር ሄየርዳልም የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበረ ለማሳየት በፈለገ ጊዜ፥ ደንገሉን የወሰደው ከዚሁ ከጣና ነው። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ የተነሣችው የመጀመሪያይቱ ጀልባ ራ ከመድረሷ በፊት ተበላሸች፤ ሁለተኛይቱ ግን በግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደሴት ገባች። የጣና ሣር አትላንቲክን ተሻግሯል ማለት ነው።

ያላየነውን ነገር መከልከል ምስክር ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ስለ መሰለን፥ በማግሥቱ አንድ ባለ ታንኳ ተከራይተን ልጁን ልንከተለው ቈረጥን። ባለ ታንኳው የነገደ ወይጦ ወገን የሆኑ፥ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ነበሩ። ሳንቃውን በእጃቸው ዳስሰው፥ «ታንኳ ነው፤ ደንገሉን በአየር ለወጡት እንጂ ታንኳ ነው» አሉ። ከዚያም በልጁ ቍርጭምጭሚትና በሳንቃው መካከል የታሰረውን ገመድ አይተው ደስ አላቸው። የወደቀ ሰው መንሳፈፊያውን ነፋስ ከወሰደበት ዋና ቢያውቅም አይደርስበትምና። ላይፍ ጃኬት የሚባለውን መንሳፈፊያ ሰደርያ እኛም ልጁም ለበስን፤ እርሳቸው አልፈለጉም።

በማለዳ አንድ ሰዓት ተነሥተን ወደ ደብረ ማርያም ደሴት አመራን። ውሃው እንደ መስተዋት ነበረ። ልጁ ጕልበቱን ጥቂት ሰበር አድርጎ፥ እግሮቹን በትከሻው ልክ ከፍቶ፥ ዐይኑን ወደ ሩቅ አቅንቶ ሲቀዝፍ በእውነት ያምር ነበር። እኛ በእርጥቡ ደንገል ላይ እግራችንን አጥፈን ተቀምጠን፥ የወንድማችንን አቋቋም በልጁ ጀርባ ላይ አየን። ያን ጊዜ መሐላውን መጠየቅ ከበደን።

ከዚያ በኋላ ለሆነው ጥፋቱ የእኛ ነው። በደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያኑን ስንሳለም፥ ጥላ ሥር ቡና ሲያፈሉልን፥ ከአንድ መሪጌታም ጋራ ስለ ዜማ ስንነጋገር ሰዓቱ ነጐደ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ መጥተው በትሕትና «ጌታው፥ ነፋሱ አይጠብቀንም» ብለውን ነበር፤ እኛ ግን በቢሮ እንደ ለመድነው «አንድ ጊዜ» አልን። ስንነሣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የመመለሻችን አቅጣጫ ወደ ምዕራብ ስለ ነበረ ነፋሱ ከቀኛችን መጣ። በግራችን ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ስፍራና ጉማሬ የሚያርፍበት የደንገል ጫካ አለ። ሽማግሌው ዘንጋቸውን አንሥተው ወደ ሰሜን አሳዩን፤ ከሩቅ ውሃው እንደ ጥላ ጠቍሮ ወደ እኛ ይመጣል። «ያ ነፋስ ነው። ከመድረሱ በፊት ልጁ ይንበርከክ» አሉ። ጮኸን ነገርነው። እርሱ ግን ከዳርቻው ጓደኞቹ በስልክ ፎቶግራፍ እንደሚያነሡት ያውቃልና እጁን አወዛውዞ ቆሞ ቀረ። ዛሬ ሰው አደጋውን ሳይቀር ለፎቶግራፍ ያስውባል።

የነፋስን ነገር ልጁ ራሱ በመጽሐፍ ተምሮታል፤ በኋላም ለእኛ ያስረዳን እርሱ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በማዕበሉ ጫፍ ላይ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ መታየት የጀመረ እንደ ሆነ ነፋሱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል፤ አረፋው ከበዛ 20ን አልፏል። የቆመ ሰው ሰውነት ሸራ ነው፤ ነፋሱ ይይዘዋል፤ ሳንቃውም ከውሃው በላይ ተንሳፋፊ ስለ ሆነ እንደ ቅጠል ይነዳል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ልጅ ጥቍሩ ውሃ በደረሰበት ጊዜ ሦስት ቀዘፋ እንኳ ሳይቀዝፍ ወደቀ።

ውሃው በላዩ ሲከደን እኛ ምን እንዳደረግን አናውቅም። ሽማግሌው እንደሚሉት ከሆነ ተነሥተን ታንኳይቱን ልንገለብጣት ነበር፤ እርሳቸውም በአንድ እጃቸው ትከሻችንን ይዘው «ይቀመጡ፤ ገመድ አለው» አሉን። ልጁ ወጣ። ገመዱን ስቦ ሳንቃውን ያዘና በሆዱ ተንፈራጦ ወጣበት። ነገር ግን እንደ ገና ሊቆም ሲሞክር እንደ ገና ወደቀ፤ በዚህም መካከል ነፋሱ ወደ ደንገሉ ጫካ አቅርቦት ነበር። ጴጥሮስ በውሃ ላይ ሲሄድ መስጠም የጀመረው ነፋሱን አይቶ በፈራ ጊዜ ነው፤ የእኛ ልጅ ግን የወደቀው ነፋሱን ባለ መፍራቱ ነው።

ያን ጊዜ ሽማግሌው በአነጋገራቸው ያልጠበቅነውን ድምፅ አውጥተው፥ «ተንበርከክ! ከተማውን አትይ፤ አፍንጫውን ወደ ባሕሩ አዙር፤ በግራ ብቻ ቅዘፍ!» አሉ። ልጁ ታዘዘ። መቅዘፊያውን አሳጥሮ ያዘ፥ ተንበረከከ፥ በግራው ብቻ ፈጠን ፈጠን እያለ በአጭሩ ቀዘፈ። የሳንቃው አፍንጫ ቀስ በቀስ ከጫካው ዞሮ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቀና። ለሚያየው ሰው ከቤቱ እየራቀ ወደ ባሕር የሚሄድ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን እርሱ የሚቀዝፈውና ነፋሱ የሚመልሰው ተደምሮ ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ ይሄድ ነበር።

ይህን ባየን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለን። በጀማ ዳር ያሉ ዋናተኞች የሞላ ወንዝ ሲሻገሩ፥ ሊደርሱበት ካሰቡት ስፍራ ብዙ ሽቅብ ሄደው ነው የሚገቡት፤ ፊታቸውንም ወደ ላይ አድርገው ይዋኛሉ፥ ውሃው ራሱ አውርዶ ከወደቡ ያደርሳቸዋል። ወንድማችን በዚያ ቀን በማዶ የቆመውን ሰው እያየ ቀጥታ እንደ ገባ የነገሩን ሰዎች አሉ። እኛ ይህን አሥራ አምስት ዓመት ስናስበው ቈይተን፥ ለልጁ አንድ ቀን እንኳ አልነገርነውም ነበር። ስለ አባቱ አሟሟት እንዳያዝን ብለን የደበቅነው ነገር፥ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ነበረ።

ወደ ዳርቻው ስንደርስ ዐሥር ሰዓት አልፏል። ልጁ ከንፈሩ ጠቍሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋቢያችንን አለበስነው፤ ከዚያም በባሕሩ ዳር ተቀምጠን የወንዙን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርነው። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ፥ «ጋሼ፥ እማማ ይህን ታውቃለች?» ብሎ ጠየቀን። ታውቃለች አልነው።

መሐላውን አልጠየቅነውም። ይልቁንም እንደ ልማዳችን ወረቀትና ብዕር አውጥተን የስምምነት ቃል ጻፍን። ልጁ ያለ ገመድና ያለ ሰደርያ ውሃ እንዳይገባ፤ ከመውጣቱ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቶ፥ መሄጃውን በነፋሱ ፊት መመለሻውን በነፋሱ ጀርባ እንዲያደርግ፥ ነፋሱም ከየብስ የሚመጣ ከሆነ ከዳር እንዳይርቅ፤ ነጭ አረፋ ባየ ጊዜ እንዳይነሣ፤ በመንገድ ላይ ያገኘው እንደ ሆነ ግን ሳያፍር እንዲንበረከክ፥ ከባሰም በሆዱ ተኝቶ በእጁ እንዲቀዝፍ፤ ለሽማግሌውም ሳይነግር ብቻውን እንዳይወጣ። ልጁ ፈረመ። ሽማግሌው በምስክርነት አውራ ጣታቸውን አተሙ፤ የተከራየንበትን ገንዘብ ግን ከተስማማነው በላይ አንቀበልም አሉ። ደንገሉ ከዓመት ዓመት እየሳሳ መሄዱን፥ በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ የታየውም እምቦጭ የሚባል አረም በነፋስ እየተነዳ ከዳር ወደ ዳር መዛወሩን አጫወቱን። «ነፋሱን ከእኔ ይልቅ አረሙ ተማረው» ብለው ሳቁ።

በአራተኛው ቀን ለሚ ገባን። የወንድማችን ሚስት አሁንም በአውድማው ነበረች፤ የጤፉ ክምር ተወቅቶ የቀረው ማናፈሱ ብቻ ነው። «ማለልዎ?» አለችን።

አልማለም ብለን ወረቀቱን አነበብንላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችን። «ሳያፍር እንዲንበረከክ» የሚለው ላይ ስንደርስ በሁለተኛው ጊዜ አስቆመችንና፥ «ይህን ያለው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ስለ ሽማግሌው ነገርናት፤ መውደቁንም አልደበቅናትም። ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችና ከስልኳ ጋራ በመቀነቷ ቋጠረችው።

ከዚያ ነፋሱ ከሸለቆው መጣ። ሠራተኞቹ መንሻቸውን አነሡ፤ እኛም ከገለባው ለመሸሽ ወደ ጐን ፈቀቅ አልን። ማታ ምርቱ ሲሰፈር አንድ ቁና ነጭ ጤፍ ለብቻው አስለይታ በከረጢት አሰረችና፥ ለባለ ታንኳው እንድንልክላት ሰጠችን።